ወርቁ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ከእኛ መካከል አንዱ የአሶሳ ልጅ ነው። በዕረፍቱ አገሩ ደርሶ ሲመለስ ይዞልን የመጣው ወሬ ነው ይህችን ጽሑፍ ያጻፈን። የአጎቱ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ መንጌ በኩል ይወጣል፤ የእኛም ሰው ተከትሏቸው ይሄዳል። መሣሪያው ረጅም ዘንግ አለው። ጫፉ ላይ እንደ ምጣድ አክንባሎ ያለ ክብ ነገር ተገጥሞለታል፤ ባትሪው ይታዘላል፤ ማዳመጫው ጆሮ ላይ ይደረጋል። የያዘው ሰው ክቡን ነገር ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ሣር እንደሚያጭድ ሰው ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ከበታቹ ብረት ነክ ነገር ካለ ጆሮው ላይ ይጮህበታል። እኛ «የብረታ ብረት መፈለጊያ» ብንለው ያስኬዳል። እዚያ ግን ስሙ ጂሃዝ ነው። በዓረብኛ መሣሪያ ማለት ሲሆን፣ ስሙም ዕቃውም የገቡት ከሱዳን ነው።

ከጧት እስከ ቀትር ጂሃዙ አሥር ጊዜ ጮኸ፤ ልጆቹም አሥር ጊዜ ቆፈሩ። ያገኙትም የጥይት ቀለህ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሚስማር፣ ሽቦ፣ እንደገና የጥይት ቀለህ ነው። ከቀትር በኋላ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ወርቅ ወጣች። ጮቤ ረገጡ። ማታ ቤት ገብተው ለሴት አያታቸው፣ እነሱ «ሐቦባ» ነው የሚሏቸው፣ ቢያሳዩአቸው አሮጊቷ መዳፋቸው ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና ከየት እንደወጣች ጠየቁ። ቦታው ተነገራቸው። «እዚያ ወርቅ እንዳለ እኔ ልጃገረድ ሆኜም አውቃለሁ። ታዲያ ማሽኑ የነገራችሁ ምኑን ነው?» አሏቸው አሉ።

ወሬውን ስንሰማ ሳቅን። ኋላ ግን የሐቦባ ጥያቄ አልለቀን አለ። ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነውን ስናገላብጥ፣ ይኸው ጥያቄ በቤኒሻንጉል ምድር ላይ ቢያንስ ሁለት መቶ ዓመት ሲንከባለል የኖረ ሆኖ አገኘነው። ፈላጊው ይለዋወጣል፤ መሣሪያው ይለዋወጣል። ወርቁ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ግን ያው ነው፤ ከወንዙ ዳር ጎንበስ ብሎ አፈር የሚያጥበው።

ከጥንቱ እንጀምር። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ደርሶ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ሰዎቹን ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር እንደሚልክ ጽፏል። ከአምስት መቶ የሚበልጡ ነጋዴዎች አብረው ይሄዳሉ። ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ነው። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱንም ከእሾሁ ላይ አድርገው ገለል ይላሉ። ያገሩ ሰዎች ይመጡና አተር የመሰለ ወርቅ አንድም ሁለትም ከፈለጉት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ይርቃሉ። ባለዕቃው ከበቃው ወርቁን ይወስዳል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ያም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። የአንዱን ቋንቋ ሌላው ስለማያውቅ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ይገበያያሉ። ሳሱ የት ነው ለሚለው፣ ብዙ ተመራማሪዎች በዚሁ በፋዙግሊና በቤኒሻንጉል አካባቢ ያስቀምጡታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የገረመን ዝምታው አይደለም። የአክሱም ነጋዴ ወርቁ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ አለማየቱ፣ ለማየትም አለመፈለጉ ነው። ጨው ይዞ ሄደ፣ ወርቅ ይዞ ተመለሰ፤ በቃ። ይህ ዓይነቱ ንግድ ከአክሱም በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖሮታል። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዑልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤላ ሻንጉል ባሳተመው መጽሐፍ አርእስት ላይ ጨውንና ወርቅን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመትም የደጋው አሞሌ እየወረደ የቆላውን ወርቅ ያወጣ ነበር።

እስቲ ስለ ወርቁ ራሱም ጥቂት እንበል፤ አለዚያ ኋላ የምንለው አይገባም። የአሶሳ፣ የመንጌ፣ የኩርሙክና የሸርቆሌ ምድር አለቱ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ እስከ ዓረብ አገር ከሚዘረጋው ወርቅ አዘል የአለት ዘርፍ ይመደባል። ወርቁ መጀመሪያ የተቀመጠው በዚህ አለት ስንጥቅ ውስጥ ባለው ነጭ የኳርትዝ ሥር ነው። ዝናብና ፀሐይ አለቱን ሲፈረፍሩት ኖረው ወርቁ ተለቅቆ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከውኃ 19 ጊዜ ይከብዳልና ሩቅ አይሄድም፤ ወንዙ ሲታጠፍ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ከጥቁሩ አሸዋ ጋር ይቀመጣል። ከአሶሳ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቱማት እንዲህ ያለ ወንዝ ነው።

አጣቢዋ የምትጠቀምበት ዘዴ ይህንኑ ክብደት ነው። ገበቴዋ ውስጥ አፈርና ውኃ ታደርጋለች፤ ታሽከረክራለች፤ ቀላሉ በጠርዝ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ጥቁሩ አሸዋ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ ወርቁ ይቀራል። አብዛኛው ትቢያ ነው። ድሮ ይህን ትቢያ በትልልቅ ወፎች ላባ ቀሰም ውስጥ አድርገው ያስቀምጡት ነበር። ጨዋታው ሁሉ ያለው የትኛውን አፈር ማጠብ እንዳለባት በማወቋ ላይ ነው። እሱን ማንም አስተማሪ በጥቁር ሰሌዳ አልነገራትም። ከእናቷ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ጠያቂው ከጨው ይልቅ ሠራዊት ይዞ ሲመጣ ነው።

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820 ልጁን እስማኤልን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ዋና ዋናዎቹ ፍላጎቶቹ ሁለት ነበሩ፤ ለጦሩ ባሪያ፣ ለግምጃ ቤቱ ወርቅ። ሰናር በ1821 ያለ ብዙ ውጊያ እጅ ሰጠች። እስማኤል ወደ ደቡብ ቀጠለ፤ ፋዙግሊን አልፎ በ1822 መጀመሪያ እስከ ሲንጌ ድረስ ገባ። አብሮት ፍሬዴሪክ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ የማዕድን ዐዋቂ ነበረ። እንግዲህ ሳይንስ በሠራዊት ታጅቦ ወደዚያ ምድር ሲገባ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ካዮ ኋላ በ1826 እና በ1827 ያሳተመው ባለ አራት ጥራዝ መጽሐፍ የፋዙግሊን ስም በአርእስቱ ይዟል። ወርቁን በተመለከተ ግን እስማኤል ባዶ እጁን የተመለሰ ያህል ነው። ያስቆፈረበት ቦታ የሰጠው ከጠበቀው በጣም ያነሰ ነበር። ለምን አይሆንም! ወታደር መንደር ሲገባ ሕዝቡ ተራራ ላይ ወጥቶ ይከላከላል፤ ቦታውን የሚያውቀው ሰው እኮ ከተራራው ላይ ነው ያለው። እስማኤል ራሱ በዚያው በ1822 መጨረሻ ሸንዲ ላይ መክ ኒምር ባደረሰበት አደጋ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። መክ ኒምርም ሸሽቶ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ገባ።

አባትየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1837 እና በ1838 ዮሴፍ ሩሴገር የተባለ የኦስትሪያ የማዕድን ሊቅ ወደዚያው ላከ። የባለሙያ ግምት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለያይበት ደግሞ ራሱ ተነሣ። በ1838 መገባደጃ ከካይሮ ተነሥቶ ካርቱም፣ ከዚያም ፋዙግሊ ደረሰ፤ ያኔ ዕድሜው ወደ 70 ይጠጋ ነበር። አንድ የአገር ገዥ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀትና ወባ ውስጥ፣ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ አሸዋ ሊያይ ሲሄድ አስቡት። የወርቅ ነገር ሽማግሌውን እንደ ሕፃን ያደርጋል። በ1839 ወደ ካይሮ ተመለሰ፤ ፋማካ ላይ ሰፈር እንዲሠራ አዝዞ ነበር። ወርቁ ግን ያሰበውን ያህል አልመጣም።

አሁንም አልበቃውም። ግብፃውያን ባለሙያዎችን ወደ ሩሲያ ኡራል ልኮ የወርቅ አጠባ አስተማረ፤ በ1847 ደግሞ ኢጎር ኮቫሌቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የማዕድን መሐንዲስ አስመጣ። ኮቫሌቭስኪ ሰነፍ ሰው አልነበረም። ቱማትን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ወርቅ ያለበትን አሸዋ አገኘ፤ በኡራል ዘዴ የሚሠራ የወርቅ ማጠቢያ ፋብሪካም አቋቋመ። በጉዞው ያገኘውን አንድ ወንዝም «ኔቭካ» ብሎ ሰየመው፤ በሴንት ፒተርስቡርግ በሚያልፈው ወንዝ ስም መሆኑ ነው። ጓደኛችንን «ኔቭካ በየት በኩል ነው?» ብንለው ሳቀብን። ወንዙ እንደሆን ኮቫሌቭስኪ ከመምጣቱ በፊትም ስም ነበረው፤ ማን ጠየቀና! መሐመድ ዓሊ በ1849 ሞተ፤ ሥራውም ፍሬ ሳያፈራ ቀረ።

ሦስት ሊቃውንት፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ፣ የማይቆጠር ወታደርና ግመል። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሰዎች የተሳሳቱት በድንጋዩ ላይ አይደለም፤ ድንጋዩን በደንብ አንብበዋል። ወርቅ የለም ያለ የለም፤ አለ። ነገር ግን ትቢያ ሆኖ በሰፊ ምድር ላይ የተበተነ ወርቅ፣ ለአንዲት አጣቢ የቤት ወጪ ሲሸፍን፣ ወታደርና መሐንዲስ ቀጥሮ ለሚያስጠብቅ መንግሥት ግን ከወጪው አያልፍም። ይህን ሒሳብ ለመረዳት ሩሴገርን መሆን አያስፈልግም ነበር።

ወደ ራሳችን መንግሥት ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ይህን ክፍል ስንጽፍ ብዙ ተከራክረንበታል። አፄ ምኒልክ ወደ ቤኒሻንጉል መጀመሪያ የላኩት ጂኦሎጂስት ሳይሆን ራስ መኰንንን ነው። በ1890 ዓ.ም. ዘመቻ የአሶሳው፣ የቤላ ሻንጉሉና የሖሞሻው ሼኮች ተሸንፈው ገበሩ። ከነዚህ የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ታስረው ከቆዩ በኋላ ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ውሎ አድሮም የአካባቢው ዋና ገዥ ሆኑ። ግዴታቸውም ግብር ነበር። ግብሩም ወርቅ ነው፤ በወቄት የሚመዘን።

አያችሁ? ምኒልክ ወርቁ የት እንዳለ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። መሐመድ ዓሊ በሦስት ሊቃውንት ያላገኘውን፣ ምኒልክ በአንድ የግብር ትእዛዝ አገኙት። ወርቁ የት እንዳለ የሚያውቀውን ሰው ከያዝክ ወርቁን ያዝክ ማለት ነው። ይህ ብልሃት ነው ብሎ የሚያደንቅ ይኖራል። እኛ ግን ብልሃቱ ከማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ማየት አለብን። ሼኩ ወርቁን ራሳቸው አላጠቡትም። ያጠቡት ገባሮቻቸውና ባሮቻቸው ናቸው። ከዓረብ ነጋዴና ከበርታ የተዋለደው፣ ወታዊጥ የሚባለው የገዥ ወገን፣ ከላይ ሲጠየቅ ወደታች ይጠይቃል፤ ታች ያለው ደግሞ ገበቴውን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ወርቁ ሲያንስ ሰው ራሱ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። የሼክ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና ወደ ሱዳን በሚደረገው የባሪያ ንግድ ስማቸው የታወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን እንግሊዛውያን አሥረዋቸዋል። አገራችን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች፣ ከ1923 ማለት ነው፣ አምስት ዓመት አልፎ።

አንዳንዶቻችን የመሀል አገር ልጆች ነን። የቤተ መንግሥቱን የወርቅ ጌጥ በሙዚየም መስታወት ውስጥ አይተን «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» ብለን አልፈናል። አንጥረኛውን እናደንቃለን፤ እሱም ይገባዋል። ትቢያውን በገበቴ የለቀመችውን ሴት ግን ማናችንም አላሰብናትም። ጓደኛችን ይህን አንቀጽ ስናነብለት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ኋላ «ይግባ፤ አታውጡት» አለን። ስለዚህ ገብቷል።

ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል ቤኒሻንጉልን በኢትዮጵያ በኩል አስቀረው፤ ዛሬ ውሉ የሚነሳው በዓባይ ውኃ አንቀጹ ነው እንጂ የወርቁን ነገር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጣሊያንም በአምስቱ ዓመት የምዕራቡን ማዕድን ሲቋምጥ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1941 ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር አሶሳን ያዘበት። ከዚያ ወዲያ የአገሪቱ የወርቅ ወሬ ሁሉ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዶላ ዞረ፤ አሶሳ ለረጅም ጊዜ ተረሳች። አጣቢዎቹ ግን ማጠባቸውን አልተዉም።

አሁን ጂሃዙ ከየት መጣ? የዚህ ዕቃ ታሪክ ከወርቅ አይጀምርም፤ ከጥይት ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ፣ ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነቱ ውስጥ የቀረችውን እርሳስ የሚያዳምጥ መሣሪያ ሠርቶ ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም፤ የአልጋው የብረት ሽቦ ሳያወናብደው አልቀረም ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን እንግሊዝ አገር ሆኖ ፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ እንግሊዞች የጀርመንን ፈንጂ ያጸዱት በዚህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ዕቃው ወደ ሲቪሉ ዓለም ገባና ወርቅ ፈላጊ እጅ ወደቀ። በ1980 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ አንድ ሰው በዚህ መሣሪያ 27 ኪሎ የሚመዝን ነጠላ ወርቅ አገኘ። እጅግ ብዙም አልቆፈረም፤ መሬቱ ቆዳ ሥር ነበር። ላስ ቬጋስ ያለ የቁማር ቤት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጣል!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክቡ ነገር ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል። ከበታች ብረት፣ እርሳስ፣ መዳብ ወይም ወርቅ ካለ በውስጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይነሣና የራሱን ምላሽ ይመልሳል፤ መሣሪያው ያንን ምላሽ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ችግሩ መሬቱም ይናገራል። እንደ አሶሳ ያለ ቀይ፣ ብረት የበዛበት አፈር መሣሪያውን ያስለፈልፈዋል። ይህን ችግር በብዙ የቀነሱት በ1985 የተቋቋመው የአውስትራሊያው ማይንላብ ኩባንያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ኃይሉ ያለማቋረጥ ከመላክ ይልቅ እየተቆራረጠ ተልኮ፣ በመሀሉ ባለው ቅጽበት የሚመለሰው እንዲደመጥ አደረጉ። የእነሱም ምድር ቀይ ነው።

ሱዳን ደቡቧ እ.ኤ.አ. በ2011 ተገንጥሎ ከነዳጇ ሦስት አራተኛ ያህሉን ስታጣ፣ ቀድሞውንም የጀመረው የወርቅ ግርግር አገር አጥለቀለቀ። ጂፒኤክስ የተባለው የማይንላብ ጂሃዝ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጥ ጀመር። ሽያጩ ከማማሩ የተነሣ በቻይና የተሠራ አስመሳይ በዱባይ በኩል ጎረፈ፤ የማይንላብ እናት ኩባንያ ኮዳን ዋጋውን በግማሽ እስከ መቀነስ ደረሰ፤ ትርፉም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ45 ሚሊዮን ወደ 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ግድም ወረደ። ይህ ሁሉ በአሶሳ መንጌ ላለው ልጅ ምኑ ነው? ምኑማ! ጂሃዙ የረከሰለት፣ ወይም አስመሳዩ የደረሰው በዚሁ የተነሣ ነው። ኩርሙክ ላይ ድንበሩ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው እንደማለፍ ነው።

እንግዲህ ጂሃዝ የሚሰማውንና የማይሰማውን እንለይ። ከርካሳ ወርቅን፣ እንደ ምስር፣ እንደ አተር ያለውን፣ ቅርብ ከሆነ ይሰማል። ትልቁን ጠለቅ ብሎም ይሰማል። የጥይት እርሳስንና ወርቅን ግን አጥርቶ አይለይም። ለዚህ ነው የአሶሳ ልጆች ከወርቅ በፊት ያለፉትን ጦርነቶች የሚቆፍሩት። ትቢያውን ደግሞ ጨርሶ አይሰማም፤ አንዷ ቅንጣት የምትመልሰው ምላሽ ከምንም አይቆጠርም። የቤኒሻንጉል ወርቅ ደግሞ አብዛኛው ትቢያ ነው ብለናል።

ታዲያ ጂሃዙ ያመጣው ለውጥ ምንድን ነው? ቀድሞ ከርካሳ ወርቅ የአጣቢው ዕድል ነበር፤ ዓመት ሙሉ ትቢያ ስትለቅም የኖረች ሴት አንድ ቀን የምታገኘው፣ ዕዳ የምትከፍልበት፣ ልጅ የምትድርበት። አሁን ያንን ዕድል ማሽን ቀድሞ ይሄድና ይለቅመዋል። ማሽኑ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። የጓደኛችን የአጎት ልጅና ጓደኞቹ ጂሃዙ የራሳቸው አይደለም፤ አሶሳ ያለ አንድ ነጋዴ ነው የሰጣቸው፤ ከሚወጣው ወርቅ አስቀድሞ የእሱ ድርሻ ይነሣል፤ የባትሪ መሙያውና የምግቡ ይነሣል፤ የተረፈው ለሦስት ይካፈላል። «ከሌለን ምን እናድርግ? ገበቴ ይዘን ውኃ ውስጥ እንዋል?» ይላሉ ልጆቹ፤ እነሱም እውነት አላቸው። ስለ ጥንቱ ዘዴ እያለቀስን ልጆቹ በድህነት ይቆዩ የምንል ሰዎች አይደለንም። ግን ሼኩ ቀርቶ ባለጂሃዙ ሲተካ፣ ወቄቱ ቀርቶ ግራሙ ሲተካ፣ ሒሳቡ የተለወጠው እስከ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ አይደለም። የማዕድን አዋጁ፣ ቁጥር 678/2002፣ ባህላዊ አምራች ሲል በአብዛኛው በእጁ የሚሠራውን፣ በማሽን ያልታገዘውን ሰው ነው የሚያስበው። ጂሃዝ ማሽን ነው ወይስ የረዘመ ጆሮ? የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ቢከራከሩበት ደስ ይለናል። እኛ የምናውቀው ወርቁ ዋጋ ወዳለበት እንደሚሄድ ነው። የጥቁር ገበያው ዋጋ ሲበልጥ ወደ ሱዳን ያዘነብላል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በእጅጉ ጨምሯል። አፈሩ እንደሆነ ያው አፈር ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቆጨናል። በኩርሙክ አካባቢ፣ ዲሽ ተራራና አሻሽሬ በተባሉ ቦታዎች፣ አለቱን እየበሳ ትልቅ የወርቅ ክምችት ያገኘው ኩባንያ አስኮም ይባላል፤ የግብፅ ኩባንያ ነው። መሐመድ ዓሊ ከሞተ ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ኋላ ፕሮጀክቱ ወደ አላይድ ጎልድ ተላልፎ እ.ኤ.አ. በ2023 የማዕድኑ ግንባታ ተጀመረ። ሩሴገርና ኮቫሌቭስኪ የወንዙን አሸዋ ሲያበጥሩ፣ ብዙው ወርቅ ገና ከአለቱ አልወጣም ነበር ማለት ነው። እሱን የሚያወጣው ጂሃዝም ገበቴም አይደለም፤ መፍጫና ኬሚካል ነው። እዚህ ላይ ሐቦባም «አውቃለሁ» አይሉ ይሆናል። ወይም ይሉ ይሆናል፤ ጓደኛችን አልጠየቃቸውም።

እሱ ያየው ሌላ ነገር ነው። ያቺ ምስር የምታህል ወርቅ በወጣች በማግሥቱ ሐቦባ ልጆቹን ቀስቅሰው፣ ከጉድጓዱ አውጥተው የደፉትን አፈር በማዳበሪያ አስጭነው ወደ ወንዝ ወረዱ። ልጆቹ እያጉረመረሙ ተሸከሙ። አሮጊቷ ውኃው ዳር ተቀምጠው አፈሩን በገበቴ እያደረጉ አጠቡ፤ አንዱን ደፍተው ሌላውን ጨመሩ፤ አልቸኮሉም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ከገበቴው ሥር ጥቁሩ አሸዋ ቀረ፤ ከአሸዋው ጠርዝ ላይ ደግሞ ክር የምታህል ቢጫ መስመር። የአጎቱ ልጅ ጂሃዙን አስነሥቶ ገበቴው ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አሳለፈው። ድምፅ አልሰጠም።